ሙታን ሞኞች አልነበሩም

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝ» ይላል ያገራችን ሰው፣ ስለ ሞተ ሰው ክፉ ሊናገር ሲል። ጨዋ አነጋገር ነው። ሙት አይመልስም፣ አይከስም፣ ምስክር አይጠራም፤ ስለዚህ በሱ ላይ አፉን የሚከፍት ሰው አስቀድሞ ይፈራል። እኔ ዛሬ የማነሣው ግን ከመውቀስ የባሰውን ነገር ነው፤ ሙታንን ሞኝ ማድረግን። ይህን የሚያደርጉት የጀብዱ ልብ ወለድ የሚጽፉ ደራሲዎች ናቸው። ስሕተታቸውን አርመን የራሳችንን እንዳንጽፍ የያዘን ደግሞ ሌላ አይደለም፤ የኛው የተማሪዎች ንቀት ነው።

በግቢያችን ስለ ልብ ወለድ ክርክር ሲነሣ ሁለት ወገን አለ። አንደኛው ወገን «ጀብዱና ምትሐት የልጅ ጨዋታ ነው፤ ቁም ነገረኛ ድርሰት የዛሬውን ኑሮ የሚያሳይ ነው» ይላል። ለሱ፣ ታሪክን ከምናብ ቀላቅሎ፣ ሰይፍ አስመዝዞ፣ ተራራ አስወጥቶ፣ መንፈስ አስጠርቶ የሚጽፍ ሰው ከሥነ ጽሑፍ ደጅ የማይገባ ነው። ሁለተኛው ወገን የጀብዱ መጽሐፍ ይወዳል፤ የሚወደው ግን ከባሕር ማዶ የመጣ እንደሆነ ነው። ስለ ኢንካዎች ወርቅ፣ ስለ ጠፉ ከተሞች፣ ስለ ፀሐይ ደናግል የተጻፈውን ሌሊቱን ሙሉ ሲያገላብጥ ያድራል። «የኛስ?» ብትሉት «የኛ ታሪክ ለዚህ አይመችም» ብሎ ይገላገላችኋል። እኔ ሁለቱም ተሳስተዋል ባይ ነኝ። አንደኛው ሜዳውን ጥሎ ወጥቷል፤ ሁለተኛው በተተወው ሜዳ እንግዳ ሲጨፍር ዳር ቁጭ ብሎ ያጨበጭባል።

በፊተኛው ልጀምር። ለመሆኑ ጀብዱና ምትሐት ከመቼ ወዲህ ነው የልጅ ጨዋታ የሆነው? ክብረ ነገሥትን የገለጠ ሰው፣ ታቦተ ጽዮንን ይዘው የወጡት የምኒልክ ሰዎች ሠረገሎቻቸው ከመሬት ከፍ ብለው የብዙ ቀን መንገድ በአንድ ቀን ሲያቋርጡ ያነባል። ለአማኙ ይህ እምነት ነው፤ እሱን አልነካም። እኔ የምለው ስለ ትረካው አሠራር ነው፤ ስውር ዕቅድ፣ የሌሊት ጉዞ፣ ከኋላ የሚከተል ሠራዊት፣ የሚያግዝ መልአክ አለበት። ዜና እስክንድርን የገለጠ ደግሞ ታላቁ እስክንድር ወደ ጨለማው ምድር ሲዘልቅ ያገኘዋል። ይህን በግዕዝ ያቆዩልን ሰዎች ልጆች አልነበሩም፤ የዘመናቸው ሊቃውንት ነበሩ። ብራና ውድ ነው፤ በግ ታርዶ፣ ቆዳ ተፍቆ ነው የሚጻፍበት። ለልጅ ጨዋታ ማን በግ ያርዳል?

ስለዚህ የፊተኛው ወገን ክርክር የመጣው ከራሱ አገር መጻሕፍት አይደለም። የኋለኛው ግን ረዘም ያለ መልስ ይፈልጋል፤ ምክንያቱም የሚያነበው መጽሐፍ እውነትም ይጥማል። እስቲ እሱ ከሚወደው አገር፣ ከኢንካዎቹ እንነሣ።

ኢንካዎች መንግሥታቸውን ታዋንቲንሱዩ ይሉት ነበር፤ «አራቱ ክፍሎች በአንድነት» እንደማለት ነው። መናገሻቸው ኩዝኮ ነበረች። ብረት ሳያቀልጡ፣ ጋሪ ሳያሽከረክሩ፣ በፊደል ሳይጽፉ ከዛሬዋ ኢኳዶር አልፎ እስከ መካከለኛው ቺሌ የደረሰ መንግሥት አቁመዋል። በአንዲስ ተራሮች ላይ 30,000 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ዘርግተዋል። ቻስኪ የሚባሉ ሯጮች በየጣቢያው እየተቀባበሉ መልእክት ያደርሱ ነበር። በገደል ላይ የሚሻገሩት ከሣር በተገመደ ድልድይ ነው፤ ቄስዋቻካ የሚባለውን አንዱን የአካባቢው ገበሬዎች ዛሬም በየዓመቱ አዲስ አድርገው ይገምዱታል። ሒሳባቸውን የሚይዙት ደግሞ ኪፑ በሚባል የገመድ ቋጠሮ ነበር። ካንድ ወፍራም ገመድ ላይ ብዙ ቀጫጭን ገመዶች ይንጠለጠላሉ፤ የቋጠሮው ዓይነትና የተቋጠረበት ቦታ አንዱን ከአሥሩ፣ አሥሩን ከመቶው ይለያል። ቁጥሩን የዘመናችን ሊቃውንት ማንበብ ችለዋል። ታሪክ ይዘዋል የሚባሉትን ቋጠሮዎች ግን እስከ ዛሬ የፈታቸው የለም።

ይህ መንግሥት በወንድማማቾቹ በዋስካርና በአታዋልፓ ጦርነት ደምቶ፣ ከአውሮፓ በመጣ በሽታ ተዳክሞ ሳለ ነው እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1532 ፍራንሲስኮ ፒሳሮ 168 ሰዎች አስከትሎ ካሃማርካ የገባው። አታዋልፓን ለንግግር ጠርቶ ማረከው። አታዋልፓም ለቤዛው አንድ ክፍል ሙሉ ወርቅ፣ ያንኑ ክፍል ሁለት ጊዜ የሚሞላ ብር ሊሰጥ ቃል ገባ፤ ወርቁና ብሩም ከያለበት ተጭኖ መጣ። ከዚያ በኋላ ምን ሆነ? በ1533 በእሳት ከመቃጠል እንዲድን ተጠመቀና በገመድ ታንቆ ተገደለ። ቤዛ ተከፈለ፤ ምርኮኛው ግን አልተፈታም።

እንግዲህ የጀብዱ ደራሲዎች በዚህ ሕዝብ ምን ሠሩ? እንግሊዛዊው ራይደር ሃጋርድ እ.ኤ.አ. በ1922 «የፀሐይ ድንግል» የሚል ልብ ወለድ አወጣ። ታሪኩ የሚሆነው ስፔኖች ወደዚያ ከመድረሳቸው ከመቶ ዓመት በላይ ቀደም ብሎ ነው። ባለታሪኩ የሄስቲንግሱ ኹበርት ይባላል፤ ኋላ በለንደን ነጋዴ የሆነ ሰው ነው። ካሪ የሚባል፣ ዕጣው ለንደን የጣለው የኢንካ መስፍን መርቶት ባሕር ተሻግሮ እዚያ ይደርሳል። ያገሬው ሰውም ነጭነቱን አይቶ ከባሕር የወጣ አምላክ ነው ይለዋል። ካሪ ብልህ ሰው ነው፤ ይህን አልክድም። የቤተ መንግሥቱ ሽኩቻም በደንብ ተጽፏል። ግን ልብ በሉ፤ የመንገዱ፣ የድልድዩ፣ የቋጠሮው ባለቤት የሆነ ሕዝብ፣ ለልብ ወለዱ ሞተር የሚያዋጣው ዕውቀቱን ሳይሆን አለማወቁን ነው። ፀጉሩ የቀላ መርከበኛ ሲያይ እንዲሰግድ ይፈለጋል።

ከሱ የባሰው ደግሞ የግርዶሹ ዘዴ ነው። የቤልጅጉ ሠዓሊ ኤርዤ እ.ኤ.አ. በ1949 በመጽሐፍ ባወጣው የታንታን የሥዕል ታሪክ ውስጥ ወጣቱ ጋዜጠኛ በኢንካዎች እጅ ይወድቃል፤ ሊያቃጥሉት ነው። እሱ ግን ካንድ ቁራጭ ጋዜጣ ላይ የፀሐይ ግርዶሽ የሚሆንበትን ቀን አንብቧል። ሰዓቱ ሲደርስ ፀሐይን እንዳዘዘ ሆኖ ይጮኻል፤ ይጨልማል፤ ካህናቱ ይርበደበዳሉ። ይኸው ዘዴ ቀደም ብሎ በ1885 በወጣው በራሱ በሃጋርድ «የንጉሥ ሰሎሞን ማዕድን» ውስጥም አለ፤ እዚያ የሚርበደበዱት አፍሪካውያን ናቸው። ግርዶሽ ኢንካዎችን አያስፈራቸውም ነበር አልልም፤ ያስፈራቸው ይሆናል። ነገር ግን በኩዝኮ ዙሪያ ዓምድ አቁመው፣ ፀሐይ በየትኛው ዓምድ አጠገብ እንደምትጠልቅ እየተከታተሉ የመዝሪያ ጊዜ የሚወስኑ ካህናት፣ ዕድሜ ልካቸውን ፀሐይን ሲጠብቁ የኖሩ ሰዎች፣ በአንድ ልጅና በአንድ ቁራጭ ጋዜጣ ሲታለሉ ምን ይሉታል? እኛም እኮ በባሕረ ሐሳብ ጾምና በዓሉን ስንቀምር የኖርን ሕዝብ ነን። ስለኛ እንዲህ ቢጻፍ እንስቃለን ወይስ እንቆጣለን?

ከዚህ የምወስደው አንድ መመዘኛ ነው፤ ጽሑፌን በሙሉ የምጥለውም በሱ ላይ ነው። ደራሲ ስላለፈ ዘመን የፈለገውን ይፍጠር። ያልነበረ ንጉሥ ያንግሥ፣ ያልተዋጉትን ያዋጋ፣ ተራራ ያናግር። የሙታኑን ዕውቀት ግን አይንጠቃቸው። ገመድ የሚገምደው ገመዱን ያውቅ ነበር፤ ፀሐይን የሚጠብቀው ፀሐይን ያውቅ ነበር። ምናብ በዚህ ላይ ይጨምር እንጂ ከዚህ አይቀንስ።

«ታዲያ የውጭ ሰው ምን ያድርግ፣ ከየት ያውቃል?» የሚል አይጠፋም። የሚያውቅበት ነበረ። ጋርሲላሶ ዴ ላ ቬጋ የተባለው ከኢንካ ልዕልትና ከስፔናዊ ወታደር የተወለደ የኩዝኮ ሰው የእናቱን ወገኖች ታሪክ ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1609 ሊስቦን ላይ አሳትሟል። ዋማን ፖማ የተባለው የዚያው አገር ተወላጅ ደግሞ በ1615 ገደማ ወደ 1,200 ገጽ የሚጠጋ፣ ወደ 400 የሚሆን የራሱ ሥዕል ያለበት መጽሐፍ ለስፔን ንጉሥ ጻፈ፤ የሕዝቡን ሥራና መከራ አንድ ባንድ ዘርዝሮ። ያ መጽሐፍ ተረስቶ ኖሮ በ1908 በኮፐንሃገን ቤተ መጻሕፍት ተገኘ። ሃጋርድ «የፀሐይ ድንግል»ን ያወጣው ከዚህ 14 ዓመት በኋላ ነው። ባለቤቱ ተናግሯል፤ የሰማው ግን ዘግይቶ ነው።

አሁን ወደ ቤታችን እንግባ። ያ 1908 እኛም ዘንድ ትልቅ ዓመት ነው። በኛ አቆጣጠር በ1900 ዓ.ም. አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ»ን ሮም ላይ ያሳተመበት ዓመት ነው፤ ኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀው፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ማለት ነው። ዛሬ «ልብ ወለድ» ብለን የምንጠራው ስም ራሱ ከዚያ መጽሐፍ ርእስ ጋር የተያያዘ ነው። እና ያ የመጀመሪያው መጽሐፋችን ምን ነበር? የዛሬውን ኑሮ የሚያሳይ ቁም ነገር? አይደለም! የጀብዱ ታሪክ ነው። ዘመኑ ያልተጠቀሰ፣ አገሩ በስም ያልተጠራ። ጦርነት አለ፤ ምርኮ አለ፤ መንታ ልጆች አሉ። አባትየው ይማረካል። የምርኮኛው የቤዛ ገንዘብ የሚመጣው ካንድ ቸር ነጋዴ ኪስ ነው። ያንን ባለውለታ ፍለጋ የወጣው ዋሂድ መንገድ ላይ ተይዞ ለባርነት ይሸጣል። እኅቱ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለች። ጀብዱን የሚንቅ ተማሪ እንግዲህ የአማርኛን ልብ ወለድ አባት መናቁ መሆኑን ይወቅ።

የአፈወርቅን የኋላ ታሪክ አውቃለሁ፤ ከጣሊያን ጋር ስለመወዳጀቱ ልትነግሩኝ አትድከሙ። እኔ እየመዘንኩ ያለሁት መጽሐፉን ነው። እዚያ ውስጥ ደግሞ የሚደንቀኝ ያ ነጋዴ ነው። በካሃማርካ አንድ ንጉሥ ክፍል ሙሉ ወርቅ ከፍሎ አልዳነም፤ በኛ ልብ ወለድ አንድ ነጋዴ ከኪሱ አውጥቶ ሰው አዳነ። የታሪኩ ማጠፊያ ዙፋን አይደለም፤ ገበያ ነው። ደራሲው ራሱስ ኋላ «ነጋድራስ» ተብሎ የለ? ከሱ በፊትም እ.ኤ.አ. በ1759 ሳሙኤል ጆንሰን አገራችንን በዓይኑ ሳያይ «ራስላስ»ን ሲጽፍ፣ ለልዑሉ ዓለምን የሚያስተምረውን ጠቢብ ኢምላክን የጎጃም ነጋዴ ልጅ አድርጎታል። ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ የመለሱት መጽሐፍ ነው፤ አንብቡት።

መመዘኛዬ ግን ለወደድኩትም አይራራም። «ጦቢያ» ራሷም ትመዘን። በመጽሐፉ ውስጥ «አረመኔ» የሚባሉት ሰዎች ምን ያውቃሉ? ምን ያርሳሉ፣ ምን ይሸምናሉ፣ በምን ይምላሉ? አልተነገረንም። ያሸንፋሉ፣ ይማርካሉ፤ በመጨረሻም ንጉሣቸው በጦቢያ ፍቅር ተነድፎ ከነሕዝቡ ይጠመቃል። እዚህ ጥምቀት የሠርግ ደጅ ነው፤ በካሃማርካ ግን የማነቂያ ገመድ ዋዜማ ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን ያነበበ ሰው ዝም ብሎ ማለፍ አይችልም። አፈወርቅ ለነጋዴው የሰጠውን ክብር ለተሸናፊው እምነት አልሰጠም። ሃጋርድ በኢንካ የሠራውን እኛም በጎረቤታችን ልንሠራው እንደምንችል ያሳየናል።

ከዚያ ወዲህስ? ታሪካዊ ልብ ወለዳችን አድጓል። ብርሃኑ ዘርይሁን «የቴዎድሮስ ዕንባ»ንና «የታንጉት ምሥጢር»ን፣ አቤ ጉበኛ «አንድ ለናቱ»ን፣ ማሞ ውድነህ «አሉላ አባ ነጋ»ን ሰጥተውናል። እነዚህን የሚያጣጥል ምላስ የለኝም። ግን ተመልከቱት፤ የደራሲዎቻችን ዓይን ያረፈው በዙፋኑና በጦር አለቃው ላይ ነው። ቴዎድሮስ፣ ደግሞ ቴዎድሮስ፣ ከዚያ አሉላ። ያ የአፈወርቅ ነጋዴ የት ገባ? በቅሎውን ጭኖ ከመጽሐፋችን ወጥቶ ሄደ፤ የጠየቀውም የለም።

የት እንደ ገባ እኔ ልንገራችሁ፤ መርካቶ ነው ያለው።

«መርካቶ ደግሞ ምን ጀብዱ አለው? ግርግር፣ ሌባ፣ ተሸካሚ፣ ‹ዞር በል!›» ትሉኝ ይሆናል። የቦታው ታሪክ ራሱ ልብ ወለድ ነው። የከተማው ትልቁ ገበያ ጥንት አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ጣሊያን ከተማዋን በያዘበት ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ድረስ ባለው ጊዜ፣ ነጩንና ጥቁሩን ለመለየት ብሎ ያገሬውን ሰው ገበያ ወደ ምዕራብ ገፋው፤ በራሱ ቋንቋ «ገበያ» ብሎ ስም አወጣለት። ገፊው ሄደ፤ የተገፋው ገበያ ግን ከተማውን ሁሉ ወደራሱ ጎተተ። እንዲህ ያለውን የዕጣ መገላበጥ ሃጋርድ አግኝቶት ቢሆን ሦስት ቅጽ ይጽፍበት ነበር።

ዕውቀቱንስ? በርበሬ ተራ ግቡ፤ ዛላውን በጣቱ አሽቶ የማረቆ ይሁን የአላባ የሚለይ ሰው አለ። ሸማ ተራ ግቡ፤ ነጠላውን ዳብሶ የእጅ ፈትሉን ከፋብሪካው ክር ይለይላችኋል። ምናለሽ ተራ ግቡ፤ ያረጀ በርሜል ምጣድና ምድጃ፣ ያለቀ ጎማ ጫማ ሆኖ ሲወጣ ታያላችሁ። እቁቡን እዩ፤ ዳኛና ጸሐፊ ሾሞ፣ ያለ ባንክ ያለ ፖሊስ፣ ዕጣ እየጣለ ስንቱን ባለሱቅ አድርጓል! ስለ ኢንካ ቋጠሮ ስናነብ አፋችንን የምንከፍት ሰዎች፣ ስንቱ ያገራችን ነጋዴ ያለ መዝገብ የስንት ሰው ዱቤ በጭንቅላቱ ይዞ እንደሚኖር ልብ አንለውም። ኪፑ እዚያ ገመድ ነው፤ እዚህ ሰው ነው።

ወደኋላ ከሄዳችሁ ደግሞ ከገበያው በስተጀርባ ሲራራ ነጋዴ አለ። በቅሎና አህያ ጭኖ፣ በየኬላው ቀረጥ እየከፈለ፣ ሽፍታውን በብልሃት እያለፈ፣ ወራት ይጓዛል። አሞሌ ጨው ከአፋር በረሃ ወጥቶ ደጋ ለደጋ ሲጓዝ ገንዘብ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1520 ወደ አገራችን የገባው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ ጨው ከሚወጣበት በራቀ ቁጥር ዋጋው እንደሚጨምር ጽፎ ትቶልናል። እያንዳንዱ እርምጃ ሀብትም አደጋም የሚጨምርበት ጉዞ! ጀብዱ ማለት ሌላ ምንድን ነው? ይግረማችሁና፣ ነጋዴዎቻችን በሌላ ሰው ፊት የሚነጋገሩበት ምሥጢራዊ ቋንቋም ነበራቸው። የቋንቋ ሊቁ ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1949 ስለዚሁ ጽፏል። የውጭው ሊቅ መዝግቦታል፤ ያገሬው ደራሲ አንድ ምዕራፍ አላወጣበትም።

ምትሐት ከፈለጋችሁም ከሰው አገር አትበደሩ። «የሰሎሞን ማዕድን» እያላችሁ ለምን ትንገላታላችሁ፣ በክታቦቻችን ላይ «መርበብተ ሰሎሞን» ተጽፎ እያለ? ሰሎሞን አጋንንትን በመረብ የሚያጠምድበት ነው። አንድ ሲራራ ነጋዴ ካንድ ደብተራና ካንድ ሼኽ ጋር ጨው ጭኖ ይውጣ፤ ያ መረብ ጭነቱ ውስጥ ይኑር፤ የነጋዴው ምሥጢራዊ ቋንቋ ቁልፉ ይሁን። ሐሳቡን በነፃ ሰጥቻለሁ፤ የፈለገ ይውሰደው።

አሁን ወደ ከባዱ ክርክር መጣን። «የኛ ታሪክ ገና ትኩስ ነው፤ ባለቤቱ ብዙ ነው። ሰው በእውነተኛው ታሪክ እየተጣላ አንተ ደግሞ ምናብ ትጨምርበታለህ? በጭድ ላይ እሳት ነው» የሚሉ አሉ። ይህ ክርክር የሚናቅ አይደለም፤ እኔም ከሁሉ የምፈራው እሱን ነው። ምሳሌ ልውሰድ። ፒሳሮ ካሃማርካ በገባበት ዘመን እኛም አገር የኢማም አሕመድና የዐፄ ልብነ ድንግል ጦርነት ነበር። ሽምብራ ኩሬ እ.ኤ.አ. በ1529፣ የክሪስቶቮ ዳ ጋማ 400 ፖርቱጋሎች በ1541፣ የኢማሙ መገደል በ1543። በዚህ ላይ የጀብዱ ልብ ወለድ የሚጽፍ ሰው እጁ ካልተንቀጠቀጠ ደራሲ አይደለም። የውጭ ሰው ቢጽፈው አውቃለሁ፤ ጀግናው ካንድ የፖርቱጋል መርከብ የወረደ ወጣት ይሆናል። ያገር ሰው ቢጽፈውስ? ያንዱ ወገን አያት ጀግና፣ የሌላው ወገን አያት አውሬ አድርጎ ይጽፈው ይሆናል። ያ መጽሐፍ ደግሞ የሚሸጠው የት ነው? ራጉኤል ቤተ ክርስቲያንና አንዋር መስጊድ በሚጎራበቱበት ገበያ ነው። የሁለቱ ወገን የልጅ ልጆች ሱቅ ለሱቅ ተያይዘው፣ ባንድ እቁብ ገብተው፣ አንዱ የአንዱን በር እየጠበቀለት በሚውልበት ቦታ ነው።

ለዚህ ነው መመዘኛው የሚያስፈልገው፤ ዝምታ ግን አያስፈልግም። ዝም ብንል ታሪኩ አይጠፋም፤ ለጩኸተኛው ይቀራል። ልብ ወለድ «ልብ ወለድ ነኝ» ብሎ በሽፋኑ ላይ ተናግሮ ይገባል፤ በዚህ ከብዙ የታሪክ መጽሐፍ ይልቅ ሐቀኛ ነው። ከዚያ በኋላ የሚጠየቀው ለሁለቱም ወገን ልቦና መስጠቱ ነው። ኢማሙን የተከተለው ወጣት ምን አምኖ ተከተለ? ከንጉሡ ጋር በየአምባው የተንከራተተው ምን ተስፋ አድርጎ ተንከራተተ? ሁለቱንም የሚያውቅ፣ ለሁለቱም ጨው የሸጠ ነጋዴ በመካከል ቢቆምስ? ያኔ አንባቢው የጎረቤቱን አያት እንደ ሰው ያየዋል። የታሪክ ክርክር በመቶ ስብሰባ ያላደረገውን እንዲህ ያለ አንድ መጽሐፍ ሊያደርገው ይችላል።

«አንባቢ የለም» የምትሉትን ደግሞ አልሰማችሁም። በ2001 ዓ.ም. ይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ»ን ሲያወጣ፣ የጣና ገዳማትን ከሳይንስና ከስለላ ጋር የቀላቀለ የምናብ ጀብዱ፣ አንባቢ እየተሻማ ገዛው። ሊቃውንቱ ስለ ድክመቱ ብዙ ብለዋል፤ ይበሉ፣ ሥራቸው ነው። ግን ያ ሁሉ ሕዝብ ምን ተርቦ ነበር? ይህን የጠየቀ ምሁር ብዙም አልሰማሁ። መጽሐፍ አዟሪው እስከ አገጩ ቆልሎ በየተራው ሲዞር እዩት፤ ባለሱቁ ገበያ ሲቀዘቅዝለት ዘርግቶ የሚያነበው እኛ የምንንቀውን ነው። ምግቡን ንቀን ርሃቡን ማጥፋት አንችልም፤ ሌላ ያበላዋል እንጂ።

ጊዜውም አይጠብቀንም። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ማታ ሸማ ተራ አካባቢ የተነሣውን እሳት የማያስታውስ የለም። የሰው ንብረት ነው የነደደው፤ ይህ ከሁሉ ይቀድማል። ግን አሮጌ ሱቅ በነደደ ቁጥር፣ በፈረሰም ቁጥር፣ ባለቤቱ ወደ ሌላ ሰፈር ሲበተን፣ ስለ ጉዞው፣ ስለ ሚዛኑ፣ ስለ ቋንቋው የሚያውቀው አብሮት ይበተናል። ዋማን ፖማ ባይጽፍ ኖሮ ኮፐንሃገን ምን ይገኝ ነበር? ለኛም ካልተጻፈ ከሦስት መቶ ዓመት በኋላ የሚያገኘው አይኖርም፤ የሚገኘው የሆነ ሃጋርድ ብቻ ይሆናል።

ስለዚህ የዚህ መጽሔት ጸሐፊዎች ሆይ፣ ክርክሩን እዚህ ላይ አድርጉት። የታሪክ ጀብዱ ይጻፍ ወይስ አይጻፍ በሚለው ላይ ጊዜ አናጥፋ፤ አፈወርቅ ከመቶ ዓመት በፊት ጨርሶታል። ረቂቅ ሲቀርብ ሦስት ነገር እንጠይቅ። እዚህ ውስጥ ያለው ሰው የሚያውቀው ሥራ ምንድን ነው? ተሸናፊው በራሱ አፍ ተናግሯል ወይ? ታሪኩ እንዲሄድ የግድ አንድ ሕዝብ ሞኝ መሆን አለበት ወይ? የመጨረሻው መልስ «አዎ» ከሆነ ረቂቁ ይቀደድ፤ የጓደኛችን ቢሆንም።

ለመጻፍ የተነሣችሁ ደግሞ ከቤተ መጻሕፍቱ ስትወጡ አውቶቡስ ተራ ውረዱና ገበያው ውስጥ ግቡ። ደብተር ይዛችሁ፣ አባቶችንና እናቶችን በወጉ ሰላም ብላችሁ፣ ሥራ ሳታስፈቱ ጠይቁ። እና ተጠንቀቁ፤ የበርበሬ ተራው ሰውዬ ማታ ሱቁን ከመዝጋቱ በፊት መጽሐፋችሁን ገልጦ ስለ በርበሬ የጻፋችሁትን ያነበዋል። አያቱ ሞተው ይሆናል፣ አይመልሱላችሁም። እሱ ግን ይመልሳል።